የኮምፒውተር ዋጋ በመግዣው አያበቃም

ኮምፒውተር ሊገዛ ገበያ የወጣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውንና ፍጥነቱን ነው። ስንት ኤሌክትሪክ እንደሚበላ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በአሜሪካ የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮፌሰር ዉ ቹን ፌንግ ግን የምርምር ሥራቸውን በዚሁ ጥያቄ ላይ መሥርተዋል።

ፕሮፌሰሩ ቀደም ሲል በኒው ሜክሲኮ ግዛት በሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ይሠሩ ነበር። ሥፍራው ከባሕር ወለል በላይ 2,250 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ ከፍታ ብዙም አይርቅም። በአቧራማና ሞቃት መጋዘን ውስጥ ሥራ ተከፋፍለው ይሠሩ የነበሩት የላቦራቶሪው ኮምፒውተሮች በየሳምንቱ ያህል ይቋረጡ ነበር። በተለምዶ እንደሚሰላው፣ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የብልሽቱ መጠን እጥፍ ይሆናል።

ፌንግና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 "ግሪን ዴስቲኒ" የተባለውን ስብስብ ሠሩ። 240 ፕሮሰሰሮች ግማሽ ካሬ ሜትር በማይሞላ ወለል ላይ ተደርድረው፣ ያለ ዲስክ ሲሠሩ የሚፈጁት ኃይል 3.2 ኪሎዋት ብቻ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ያለማቋረጥ ቢሠራ 28,000 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። በዚያው መጋዘን፣ ያለ ልዩ ማቀዝቀዣ፣ ሁለት ዓመት ያህል ያልታሰበ መቋረጥ ሳይገጥመው አገልግሏል።

ጉዳት አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር በጊዜው ከነበሩት ፈጣኖች ያነሰ ፍጥነት ነበረው፤ መግዣውም ከተለመደው ስብስብ ይበልጥ ነበር። ይሁን እንጂ መብራቱ፣ ማቀዝቀዣው፣ ቦታው፣ ጥገናውና ሥራ የቆመበት ጊዜ አንድ ላይ ሲደመሩ ሒሳቡ ተገለበጠ። በመግዣው ውድ የነበረው ዕቃ በጠቅላላ ወጪው ርካሽ ሆነ።

ፌንግ ከፕሮፌሰር ከርክ ካሜሮን ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2007 "ግሪን 500" የተባለውን የደረጃ ሰንጠረዥ ይፋ አደረጉ። ሰንጠረዡ የዓለምን ታላላቅ ኮምፒውተሮች በአንድ ዋት በሚሠሩት ሥራ ያወዳድራል። የመጀመሪያው አንደኛ በአንድ ዋት በሰከንድ 357 ሚሊዮን ስሌት ይሠራ ነበር። በሰኔ 2024 አንደኛ የወጣው የጀርመኑ "ጄዲ" 72 ቢሊዮን አልፏል፤ ከ200 እጥፍ በላይ መሆኑ ነው።

ለድርጅቱ ሰርቨር የሚገዛ ነጋዴም ከዚህ የሚወስደው አለ። ፕሮፎርማ ሲሰበስብ ከዋጋው ጎን የዋቱን መጠን ያስጽፍ፤ የሦስትና የአራት ዓመት የመብራትና የማቀዝቀዣ ወጪ ደምሮ ያወዳድር። ዝቅተኛው ዋጋ የቱ እንደሆነ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።