እንቅርት በቻይና ባህላዊ ሕክምና ዓይን

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚባለው መከራ በመከራ ላይ ሲደረብ ነው። ብሂሉ እንቅርት በአገራችን ምን ያህል የተለመደ ሕመም እንደነበር ይመሰክራል። ተራራማ በሆኑት የቻይና ግዛቶችም ሕመሙ ጥንታዊ ነው፤ «ዪንግ» ይሉታል።

ታይሮይድ በአንገት ፊት ለፊት የምትገኝ፣ ቢራቢሮ የምትመስል ዕጢ ናት። ሰውነት ምግብን ወደ ኃይል የሚቀይርበትን ፍጥነት ትቆጣጠራለች፤ ለዚህም አዮዲን ያስፈልጋታል። አዮዲን ሲጎድል ከአንጎል ሥር ያለች ሌላ ዕጢ ያለማቋረጥ ሥራ ታዝዛታለች፤ ታይሮይድም ከአቅሟ በላይ ስትለፋ ታብጣለች። ዓመታት ሲቆጠሩ በእብጠቱ ውስጥ ለብቻቸው የሚዳሰሱ እባጮች ይፈጠራሉ። ዕድሜና የቤተሰብ ዘርም የራሳቸው ድርሻ አላቸው።

የቻይና ባህላዊ ሐኪም ግን የሚነሣው ከሌላ ቦታ ነው። «ቺ» የተባለው የሕይወት ኃይል በሰውነት ውስጥ ሳይታገድ መፍሰስ አለበት ይላል። ሐዘን፣ ቁጣና ጭንቀት ሲበዙ ከጉበት ጋር የተያያዘው ፍሰት ይታገዳል፤ በታገደበትም አክታ ይጠራቀማል፣ ደም ይረጋል፣ በመጨረሻም አንገት ላይ እባጭ ይወጣል። ደለል የሞላው የመስኖ ቦይ ላየ ገበሬ ሐሳቡ እንግዳ አይሆንም። ስለዚህ ሐኪሙ አንገትን ብቻ ሳይሆን ምላስን ያያል፤ የእጅ አንጓ ላይ የደም ሥር ትርታ ያዳምጣል፤ ስለ እንቅልፍና ስለ ንዴትም ይጠይቃል።

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን እ.ኤ.አ. በ610 በቻኦ ዩዋንፋንግ የተጠናቀረው የሕክምና መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ለእንቅርት ከሐዘን ሌላ ሁለተኛ ምክንያት ያስቀምጣል፤ ይኸውም በተራራ ላይ ከጥቁር አፈር የሚፈልቅ ምንጭ ነው። ዝናብና ጎርፍ የደጋውን አፈር አዮዲን አጥበው እንደሚወስዱ ዛሬ እናውቃለን። ከእርሱ ቀደም ብሎ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ጌ ሆንግ በወይን የተዘፈዘፈ የባሕር አረም ያዝዝ ነበር። በ7ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሱን ሲሚያዎ የበግ ታይሮይድ ዕጢን ለመድኃኒትነት ተጠቅሟል። ፈረንሳዊው ኩርትዋ አዮዲንን ከባሕር አረም አመድ ያገኘው ግን በ1811 ነው። የጥንቶቹ ሐኪሞች ንጥረ ነገሩን ሳያውቁት መድኃኒቱን አግኝተውት ነበር ማለት ይቻላል።

ይህ ማለት የባሕር አረም ለማንኛውም እባጭ ፈውስ ነው ማለት አይደለም። የአዮዲን መጠኑ ከአንዱ ወደ ሌላው እጅግ ይለያያል። ለረጅም ጊዜ አዮዲን ጎድሎት እባጭ ያወጣ ሰው በድንገት ብዙ ሲወስድ ዕጢው ያለልክ ሊሠራ ይችላል፤ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይከሳል። ከዚህም ሌላ አብዛኞቹ እባጮች ጉዳት የሌላቸው ቢሆኑም ጥቂቶቹ ካንሰር ናቸው። ይህን የሚለየው የአልትራሳውንድ ምርመራና በቀጭን መርፌ የሚወሰድ ናሙና እንጂ ትርታ ማዳመጥ አይደለም።

ለእኛ የባሕር አረሙን ቦታ የያዘው አዮዲን የተጨመረበት ጨው ነው። አዮዲን በፀሐይና በእርጥበት ስለሚባክን ጨውን በደረቅ ዕቃ ከድኖ ማስቀመጥ፣ ወጥ ላይም ከእሳት ሊወርድ ሲል መጨመር ይመረጣል። አሞሌ ጨው አዮዲን አልተጨመረበትም። ጉድለቱ ከብትንም አይምርም፤ አዮዲን ያነሳት ፍየል አንገቱ ያበጠ ግልገል ልትወልድ እንደምትችል በግብርና ኮሌጅ ተምረናል።

አንገቱ ላይ እባጭ ያየ ሰው፣ በተለይ እባጩ በፍጥነት ካደገ፣ ድምፁ ከጎረነነ ወይም መዋጥና መተንፈስ ካስቸገረው፣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ባህላዊ መድኃኒት እየወሰደ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገር።