ምርጥ ዘር ከመጣ የአገር ባቄላ ምን ያደርጋል?

የአገር ዘር ምርቱ ያነሰ፣ ዘመኑ ያለፈበት፣ ምርጥ ዘር እስከተገኘ ድረስ ቢጠፋም የማይጎዳ ነው የሚል እምነት ሥር ሰዷል። በባቄላ ላይ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። ሽምብራ የዱር ወላጁ በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ዛሬም ስለሚበቅል፣ የጎደለው ጠባይ ካለ አዳቃዩ ወደዚያ መሄድ ይችላል። የባቄላ የዱር ወላጅ ግን በሕይወት አልተገኘም። በቀርሜሎስ ተራራ 14,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የባቄላ ቅሪቶች ተቆፍረው ቢወጡም፣ ከከሰለ ፍሬ ሕያው ዘር አይገኝም። ቅርብ ዘመድ ከሚባሉት የዱር ዕፅዋት ጋር ለማዳቀል የተደረገው ሙከራም አልተሳካም። ስለዚህ የባቄላ ዝርያ አሻሻይ የሚፈልገው ሁሉ ያለው በገበሬው ጎተራና ከዚያ በተሰበሰበው ዘር ውስጥ ብቻ ነው።

ነጋዴ «ያልጠራ» ብሎ ዋጋ የሚቀንስበትን የደጋ ባቄላ ሰፌድ ላይ ዘርግተን እንየው፦ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ቡናማ፣ ግራጫ፣ ደቃቅ፣ ሞላ ያለ። ሽምብራና ምስር ከሞላ ጎደል ራሳቸውን በራሳቸው ሲያዳቅሉ፣ ባቄላን ንብ ከአበባ አበባ እየዞረች ስለምታዳቅለው ማሳው በየዓመቱ አዲስ ቅይጥ ያፈራል። ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ደግሞ በዐይን አይታይም። ባቄላ ውስጥ ያሉት ቫይሲንና ኮንቫይሲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች፣ ጂ6ፒዲ የተባለው ኤንዛይም የሚያንሳቸውን ሰዎች ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። ፈረንሳይ ውስጥ የነበሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ከግሪክ በመጣ አንድ የባቄላ መስመር ላይ እነዚህ ንጥረ ነገሮች እጅግ አንሰው መገኘታቸውን አሳወቁ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚታወቁት መርዛማነታቸው ዝቅተኛ የሆነ የባቄላ ዝርያዎች ይህን ጠባይ የወረሱት ከዚያ አንድ ምንጭ ነው። ያ ዘር ሳይሰበሰብ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ፣ መጥፋቱን እንኳ የሚያውቅ ሰው አይኖርም ነበር።

ምርቱ ያንሳል የሚለው መከራከሪያ በደንብ በተዘጋጀና ማዳበሪያ ባገኘ መሬት ላይ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ገበሬውም የተሻለውን ቢመርጥ አይወቀስም። ነገር ግን የተሻለው ከየት መጣ? ከሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ከወጡት ዝርያዎች አንዱ የሆነው «ቡልጋ 70» መነሻው የአገር ባቄላ ነው። ውኃ በሚቋጥር ዋልካ መሬት ላይ የሚጸናው «ዋልኪ» ደግሞ ቡልጋ 70ን ከውጭ ከመጣ ዘር ጋር በማዳቀል የተገኘ ነው። አሮጌና አዲስ ብለን የምንለያቸው እናትና ልጅ ናቸው።

ሌላው መከራከሪያ ከበድ ይላል፦ ዘሩ በጂን ባንክ ተቀምጦ የለም ወይ? አዲስ አበባ ያለው ባንክ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ሲሰበስብ ቆይቷል፤ ውለታውም ታላቅ ነው። ይሁንና ባንክም ይናጋል። ኢካርዳ የተባለው ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ድርጅት ሐለብ አጠገብ የነበረው የዘር ባንክ በሶሪያ ጦርነት ሥራውን መቀጠል ስላልቻለ፣ ድርጅቱ ቅጂውን ከኖርዌዩ ስቫልባርድ ማከማቻ እ.ኤ.አ. በ2015 አውጥቶ በሊባኖስና በሞሮኮ እንደገና አብዝቷል። የተረፈው ቅጂ ስለነበረ ነው። በተጨማሪም የቀዘቀዘ ዘር ከአዲስ በሽታ ጋር አይገናኝም። ከአሥር ዓመት በላይ በፊት በሰሜን ሸዋ ደጋ የታየው፣ ቅጠሉን የሚያሳብጠው የባቄላ በሽታ የተፋለመው ማሳ ላይ ካለው ዘር ጋር ነው። የመቋቋም ዐቅም ያለው ተክል የሚለየውም እዚያው ነው።

ጂን በማረም ቴክኖሎጂ የፈለግነውን እንሠራለን የሚሉም አሉ። የባቄላ ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ሲሆን ከሰው ጂኖም አራት እጥፍ ገደማ እንደሚሆን ታይቷል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የትኛውን ማረም እንደሚገባ የሚጠቁመው ጠባዩን ተሸክሞ የተገኘ ተክል ነው፤ የቫይሲኑ ጂን የታወቀውም ከዚያ የግሪክ መስመር ጠባዩን የወረሰ ዝርያ ከሌላ ጋር ስለተነጻጸረ ነው። እንግዲህ የአገር ዘር እየዘራ የሚያቆይ ገበሬ ለሁሉም የሚጠቅም ሥራ እየሠራ ነውና፣ በምርት የሚያጣውን ልዩነት መንግሥትና ዘር አምራቾች ሊክሱት ይገባል፤ የማኅበረሰብ የዘር ባንኮችም ቋሚ በጀት ያስፈልጋቸዋል።