የጡረታ ዘመን ቤት፤ ሐርጌሳ ወይስ የበርበራ ባሕር ዳር?

ሰው በጎልማሳነቱ ቤት ሲሠራ ለሥራው የሚቀርበውን ሰፈር ይመርጣል። በሽምግልናው ዘመን ቤት ሲገዛ ግን ለጤናው፥ ለዕረፍቱና ለኑሮው የሚስማማውን ሊመርጥ ይገባዋል። በመጀመሪያው ምርጫ የተሳሳተ ሰው ቤቱን ሸጦ ሌላ ለመሥራት ጉልበትም ጊዜም አለው። በሁለተኛው የተሳሳተ ግን የብዙ ዓመት ቍጠባውን አንድ ጊዜ ካወጣ በኋላ የሚመልስበት ዘመን ያጥረዋል። ስለዚህ ነገሩ ባልና ሚስት አብረው ሊመክሩበት የሚገባ ትልቅ የቤተ ሰብ ጕዳይ ነው።

ይህ ጥያቄ ዛሬ በሐርጌሳ ብዙ ሰዎችን ያሳስባል። የሶማሊላንድ ተወላጆች ከጥንት ጀምሮ በመርከብ ሥራ ወደ ውጭ አገር ይሄዱ ነበር፤ በእንግሊዝ አገር በካርዲፍ ወደብም የቆየ ማኅበር አላቸው። በጦርነቱ ምክንያት ደግሞ እጅግ ብዙ ቤተ ሰቦች ወደ አውሮፓ፥ ወደ ሰሜን አሜሪካና ወደ ዓረብ አገሮች ተሰድደው ኖረዋል። ከእነዚህ መካከል ብዙዎች በሸመገሉ ጊዜ ወደ አገራቸው መመለስን ይመኛሉ። ያን ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ፥ «ቤቱ በሐርጌሳ ይሁን ወይስ በበርበራ ባሕር ዳር?» የሚል ነው።

ሁለቱ ከተሞች በመንገድ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ የአየራቸው ልዩነት ግን ከርቀታቸው ይበልጣል። ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ሜዳ ላይ ስለ ተቈረቈረች አየሯ ለዘብ ያለ፥ ሌሊቷም ነፋሻ ነው። በርበራ ግን በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳር ናት። ከኅዳር እስከ የካቲት ድረስ አየሯ ደስ ያሰኛል፤ በባታላሌ ባሕር ዳር ላይ ማለዳ የተመላለሰ ሰው፥ «ቀሪ ዘመኔን እዚህ ባሳልፍ!» ቢል አይፈረድበትም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ግን የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከዚህም ጋራ ኸሪፍ የሚባለው ደረቅ ነፋስ አሸዋውን እያነሣ ይነፍሳል።

ይህን ከማንም አስቀድመው ያወቁት የበርበራ ሰዎች ናቸው። በበጋው ግለት ወራት አቅም ያለው ሁሉ ወደ ሐርጌሳ ወይም በጎሊስ ተራሮች ላይ ወዳለችው ወደ ሼኽ ከተማ መውጣት የቆየ ልማድ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ሹማምንትም በበርበራ ተቀምጠው አገሩን ሲገዙ በሙቀቱ ወራት ወደ ሼኽ ይወጡ ነበር። በ1933 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ1941) እንግሊዞች አገሩን ከኢጣልያኖች እጅ ካስለቀቁ በኋላ የመንግሥቱ መቀመጫ ከበርበራ ወደ ሐርጌሳ ተዛወረ።

ወጣት ሰው ሙቀቱን ይችለዋል። የሽማግሌ ሰውነት ግን ላብ በማውጣት ራሱን የማቀዝቀዝ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ውሃ ሲያጥረውም የጥም ስሜቱ ቶሎ አይነሣም። የልብ፥ የኵላሊት ወይም የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ የበለጠ ይጐዳል። ማቀዝቀዣ መኪና ይረዳል፤ ነገር ግን የመብራቱ ሒሳብ በየወሩ ከጡረታው ላይ የሚከፈል መሆኑን አስቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ አውቆ ባሕሩን የመረጠ ሰው ሰፈሩን በጥንቃቄ ይምረጥ። ዳሮሌ የሚባለው አሮጌው የበርበራ ሰፈር ግድግዳቸው ወፍራም የሆኑ ጥንታዊ የድንጋይ ቤቶች አሉት፤ ብዙዎቹ ግን ብርቱ እድሳት የሚሹ ናቸው። በወደቡ አጠገብ የሚገዛ ሰው ወደቡ በ2013 ዓ.ም. (2021) ከተስፋፋ ወዲህ የጭነት መኪናው ጕዞ ዕረፍት እንዳይነሣው ይመርምር። በባሕሩ አፋፍ ላይ የሚሠራ ደግሞ ጨዋማው አየር የብረት በርንና መስኮትን፥ በስሚንቶ ውስጥ ያለውንም ብረት ሳይቀር እንደሚበላ ይወቅ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. (2018) ሳጋር የተባለው ዐውሎ ነፋስ የምዕራቡን ጠረፍ መትቶ የብዙ ሰው ሕይወት አጥፍቷል። ስለዚህ ውሃ ከሚተኛበት ዝቅተኛ ቦታ መራቅ ይገባል።

ሐርጌሳም ብትሆን የራሷ ችግር አላት። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍላት የማሮዲ ጄሕ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ዝናብ በወረደ ጊዜ ግን በድንገት ይሞላል። ስለዚህ በወንዙ ዳር ርካሽ ቦታ ያገኘ ሰው ርካሽ የሆነበትን ምክንያት ይጠይቅ። ከውጭ የሚመለሱት ብዙ ጊዜ የሚወዱት የጅግጅጋ የር ሰፈር መልካም ስም አለው፤ ዋጋውም እንደ ስሙ ነው። የቧንቧ ውሃ በየሰፈሩ እኩል ስለማይደርስ፥ ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ከሻጩ ይልቅ ጎረቤትን መጠየቅ ይበልጣል።

ከአየሩና ከውሃው ቀጥሎ የሚመረመረው የባለቤትነት ወረቀት ነው። በ1980 ዓ.ም. (1988) ሐርጌሳ በጦርነት ስትደበደብ ሕዝቧ ወደ ኢትዮጵያ ተሰድዶ በጅግጅጋ አውራጃ በሐርተ ሼኽ በመሳሰሉት ሰፈሮች ተጠለለ። ሰዎቹ ሲመለሱ ቤቱ ፈርሶ፥ ወረቀቱም ጠፍቶ ነበር። በዚህ ምክንያት የመሬት ክርክር በዛ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደ ተባለ፥ ገዢ የሆነ ሰው ወረቀቱን በከተማው ማዘጋጃ ቤት ያስመርምር፤ በቦታው ላይ ክርክር እንደ ሌለ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ይጠይቅ፤ ሳያጣራም ገንዘብ አይክፈል። ከሩቅ አገር ሆኖ በዘመድ እጅ የሚገዛም ቢሆን ይህን ሥርዐት «ዘመዴ ነው» ብሎ አይተው።

የሐኪም ቤት ቅርበትም ከዚሁ ጋራ ይታሰባል። በርበራ የራሷ ሆስፒታል አላት፤ ለብርቱ ሕመም ግን ብዙ ጊዜ ወደ ሐርጌሳ መውጣት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የወይዘሮ ኤድና አዳን ኢስማዒልን ሥራ ማንሣት ተገቢ ነው። እኒህ ሴት ከዓለም ጤና ድርጅት ሥራቸው በጡረታ ከተሰናበቱ በኋላ ንብረታቸውን ሸጠው፥ የጡረታ ገንዘባቸውንም ጨምረው በተወለዱባት በሐርጌሳ ሆስፒታል አሠሩ። ቦታው ቀድሞ የቆሻሻ መጣያ ነበር። ሆስፒታሉ በ1994 ዓ.ም. (2002) ተከፍቶ እናቶችን ሲያዋልድና አዋላጆችን ሲያስተምር ቆይቷል። ሁሉ ሰው ሆስፒታል ያሠራ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የጡረታ ቤት የሚመረጠው ለመተኛት ብቻ ሳይሆን ሰው የሚጠቅምበትንና የሚፈለግበትን ቦታ በማሰብ ጭምር መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

እንግዲህ ምክራችን አጭር ነው። ቤት የሚገዛ ሰው ከመግዛቱ በፊት ቢቻል አንድ ዓመት ተከራይቶ ይቀመጥ። በርበራን በጥር ሳይሆን በሐምሌ፥ ሐርጌሳንም በዝናቡም በድርቁም ወራት አይቶ ይፍረድ። ሰውነቱ ሙቀቱን የማይችል ሆኖ ባሕሩን የሚወድ ሰው መኖሪያውን በሐርጌሳ አድርጎ በብርዱ ወራት በበርበራ ቤት ቢከራይ ሁለቱንም ያገኛል። ሚስት የማትወደውን ሰፈር ባል ብቻውን አይምረጥ፤ ከቤቱ ይልቅ በሰፈሩ የምትውለው ብዙ ጊዜ እርስዋ ናትና።

ዓረቦች «ከቤቱ በፊት ጎረቤቱን» ይላሉ። እኛም ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንላለን። ልጆቹ በባሕር ማዶ የቀሩበት ሽማግሌ በሌሊት ቢታመም በሩን የሚያንኳኳለት ይኸው ጎረቤት ነው።