ምዕራፍ አምስት፦ ጥግ ላይ ያለው ሰውዬ

«የሕይወታችን ምርጥ ዓመታት» ሲነሳ ሁልጊዜ የምሰማት ማብራሪያ አለች፦ «ከቅርብ እስከ ሩቅ ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል»። እንዲህ ሲባል ያበግነኛል። መጥራቱማ ይጥራ፤ ግን ለምን?

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣ ሲሆን አዘጋጁ ዊሊያም ዋይለር፣ ካሜራማኑ ግሬግ ቶላንድ ነው። ሦስት አሜሪካውያን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ አንድ ከተማ ይመለሳሉ። አልን ባንክ ቤቱ፣ ፍሬድን ደግሞ ሶዳ መቅጃው ይጠብቃቸዋል። ሆመር ሁለቱንም እጆቹን አጥቶ በብረት መንጠቆ ነው የሚኖረው።

አሁን ቡና ቤት ውስጥ ያለችውን ትዕይንት ተመልከቱ። ከፊት ሆመር በመንጠቆዎቹ ፒያኖ ይመታል፤ አጎቱ አስተምሮታል። አል ፒያኖውን ተደግፎ ቆሟል። ከወደ ኋላ፣ በስልክ ማናገሪያዋ ውስጥ፣ ፍሬድ አለ፤ ባለትዳር ስለሆነ አል ከልጄ ከፔጊ ራቅ ብሎታል፣ እሱም በቃን ሊላት ደውሏል። ድምፁ አይሰማም። የምንሰማው ፒያኖውን ነው።

ይህ ለቅሶ ቤት ነው። ገብተን በር አጠገብ እንቀመጣለን፤ ቅርባችን ካርታ ይጫወታሉ፣ ዓይናችን ግን ጥግ ካለችው ሐዘንተኛ ላይ ነው። ካርታው ፒያኖው ነው። ቶላንድ ድንኳን ተካዩ ነው፤ የሌንሱን ቀዳዳ አጥብቦ መብራቱን የሚያበዛው ጥጉ እንዳይጨልም ነው። ዋይለር የእድሩ ዳኛ ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ እሱ ይወስናል። አል ደግሞ ካርታ ይዞ ካርታውን የማያይ ጎረቤት ነው፤ ዞር ብሎ ወደ ስልኩ ሲመለከት እኛም እናያለን። ለቅሶ ቤት «እዚያ ተመልከት» ብሎ ጣት የሚቀስር የለም፤ ነውር ነው።

ወጣት ካሜራማኖችን ሳሠለጥን ይህችኑ ትዕይንት አሳይቼ «ፍሬድ ስልኩን የዘጋው መቼ ነው?» አልኳቸው። ግማሾቹ አላዩትም። አንዷ ግን «ዘግቶ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ወጣ» አለች። ያቺ ልጅ ሲኒማ ገብቷታል።

«ይህን እኮ ‹ሲቲዝን ኬን› ቀድሞታል» የሚሉኝ አይጠፉም። ካሜራማኑ ያው ቶላንድ ነበር፤ ግን እዚያ ከታወቁት ጥልቅ ምስሎች አንዳንዶቹ ፊልም ላይ ፊልም በመደረብ የተሠሩ ናቸው። እነሱ የሚያስደንቁን በብልሃታቸው ነው። እዚህ ግን ሦስቱም ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ አንድ አየር ይተነፍሳሉ። ለእኔ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው!

ሆመርን የሠራው ሃሮልድ ረስል ተዋናይ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1944 ወታደራዊ ሥልጠና ላይ ፈንጂ እጆቹን ወሰደበት። በዚህ አንድ ሚና ሁለት ኦስካር ተሸልሟል።

በፊልሙ ውስጥ ሆመር እጮኛውን ዊልማን መኝታ ቤቱ ያስገባታል። ትከሻውን አወዛውዞ የመንጠቆዎቹን ማሰሪያ ያወልቃል። አሁን በሩ ቢዘጋብኝ ከፍቼ መውጣት አልችልም ይላታል። ሂጂ ማለቱ ነው። እሷ ግን አትሸሽም፤ ጠጋ ብላ የሌሊት ልብሱን ቁልፎች አንድ በአንድ ትቆልፍለታለች።

ጥጉ ድረስ መጥራት ያለበት ለዚህ ነው። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው መሃል ላይ አይቀመጥም፤ ሄዶ የሚያየው ይፈልጋል።