ባለቦርሳው አፕ

የመሥሪያ ቤት መረጃ ከሠራተኛ ስልክ ለመውሰድ ሰርጎ መግባት ላያስፈልግ ይችላል። ፎቶ አሳምራለሁ የሚል አፕ ይጫናል፤ የስልክ ቁጥሮችን፣ ፋይሎችን፣ ኖቲፊኬሽኖችን ለማየት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ባለስልኩም ሳያነብ «ፍቀድ» ይላል። ከዚያ በኋላ የደንበኞች ቁጥርም ሆነ ለመግቢያ የሚላከው የምስጢር ኮድ አፑ እጅ ገባ ማለት ነው።

ለዚህ ጉዳይ አንድሮይድ ውስጥ ብዙም የማይወራለት መሣሪያ አለ፤ የሥራ ፕሮፋይል ይባላል። የመጣው በ2014 እ.ኤ.አ. ከወጣው አንድሮይድ 5 ጋር ነው። የመሥሪያ ቤቱ አይቲ ክፍል ሠራተኛው ስልክ ላይ ይከፍተዋል፤ የሥራ አፖችም እዚያ ይጫናሉ፤ ምልክታቸው ላይ ትንሽ ቦርሳ ይታያል። ጂሜይል ሁለት ሆኖ ቢመጣ አይግረምዎ፤ ባለቦርሳው የመሥሪያ ቤቱ ነው። የሥራውና የግሉ ክፍል የየራሳቸው ማከማቻ ስላላቸው አንዱ የሌላውን ፋይል አያይም። ያ ፎቶ አሳማሪ በግል በኩል የተሰጠውን ፈቃድ ይዞ በተለመደው መንገድ ስልክ ቁጥር ቢያስስ የሚያገኘው የአክስትዎን ቁጥር እንጂ የደንበኞችን አይደለም።

«አለቃዬ ስልኬን ሊሰልል ነው» የሚል ስጋት ይነሳል። የተገባ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ግድግዳው በሁለቱም በኩል ይሠራል። በግል ስልክ ላይ የተከፈተ ፕሮፋይል የግል ፎቶንና መልእክትን ለአሠሪ አያሳይም። ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ከርቀት የሚሰረዘው የሥራው ክፍል ብቻ ነው። ማታ ማታ ደግሞ በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ሥራውን ዝም ማሰኘት ይቻላል። ለእኔ ይህ ብቻውን ይበቃ ነበር።

ግድግዳው ግን ቀዳዳ አለው። «ተደራሽነት» የሚባለው ፈቃድ ማየት ለተሳናቸው ስክሪን ለሚያነቡ አፖች የተዘጋጀ ነው። በግል በኩል ያለ ተንኮለኛ አፕ ይህን ካገኘ የተከፈተውን የሥራ አፕ ጭምር ከስክሪኑ ላይ ሊያነብ ይችላል። በ2019 እ.ኤ.አ. የታወቀው ሰርበረስ የተባለ የባንክ ዘራፊ አፕ የሚጠቀመው ይህንኑ ፈቃድ ነበር። መፍትሔው አይቲ ክፍሉ የታመኑትን አፖች ለይቶ ሌላውን መከልከሉ ነው፤ ይህ ምርጫ ግን በራሱ አይበራም።

የእኛ አገር ቢሮ ደግሞ ሌላ መንገድ ያውቃል። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በግል ካሜራ ይነሳና በቴሌግራም ይላካል፤ በዚያው ቴሌግራም ምንጩ ያልታወቀ ኤፒኬ (የአፕ መጫኛ ፋይል) ይመጣና ይጫናል። ፎቶው ቀድሞውኑ በግል በኩል ስለሆነ ባለቦርሳው አፕ አላየውም።