የደመራ እሳትና የፎቶግራፍ ልኬት በጉራጌ መንደሮች

የሌሊት እሳትን በካሜራ ስለመቅረጽ የተጻፉ የሙያ መመሪያዎች በአብዛኛው የሚናገሩት ስለ ርችት ነው። ርችት ሰማይ ላይ የሚፈነዳ፣ ዕድሜው በሰከንድ የሚቆጠር ብርሃን በመሆኑ ካሜራው በባለሦስት እግር መቆሚያ ላይ ይተከላል፤ አይኤስኦ፣ ማለትም የካሜራው መቅረጫ ለብርሃን ያለው ስሜት፣ ወደ 100 ዝቅ ይደረጋል፤ የሌንሱ ቀዳዳ ወደ ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 ይጠብባል፤ መዝጊያውም ከ2 እስከ 4 ሰከንድ ክፍት ይቆያል። ጨለማው ሰማይ በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚጨምረው ነገር ስለሌለ በምስሉ ላይ የሚቀረው የፍንጣሪው መስመር ብቻ ነው። ይህ ሥልት በወልቂጤና በቡታጅራ ዙሪያ ወዳሉት የተራራ መንደሮች፣ ወደ መስቀል ደመራ ሲዛወር ግን አይሠራም፤ ደመራው የሚነደው መሬት ላይ ሲሆን፣ በዙሪያው ከሽማግሌ እስከ ሕፃን የቤተሰቡና የጎረቤቱ ሰው ቆሞ ስለሚያከብረው፣ የፎቶግራፉ ዋና ጉዳይ እሳቱ የሚያርፍበት ፊት ነው።

በጉራጌ መስቀል የአንድ ቀን በዓል አይደለም። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ኑሮውን የመሠረተው ሰው ወደ ትውልድ መንደሩ የሚመለስበት፣ ለብዙ ቀናት የሚዘልቅ ሰሞን ሲሆን፣ ከዋናው ዕርድ አስቀድሞ ልጆች የሚያነዱት፣ ደንጌሳት የሚባለው እሳትም የራሱ ምሽት አለው። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ይሁንና በየኅትመቱ ደመራ ተብሎ የሚታየው ምስል ብዙውን ጊዜ የአዲስ አበባው የመስቀል አደባባይ ነው። የአደባባዩ ደመራ ግዙፍ ስለሆነና ተመልካቹ ርቆ ስለሚቆም እሳቱ ራሱ ትዕይንት ይሆናል፤ የመንደሩ ደመራ ግን ሰው በእጁ ሊነካው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ የሚጠጋው በመሆኑ የተለየ ልኬት ይጠይቃል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሰማዩን ይመለከታል። በደመራው ዕለት፣ መስከረም 16 ቀን፣ በዚህ አካባቢ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ20 ገደማ ሲሆን፣ አገሩ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኑ ድንግዝግዙ አጭር ነው፤ ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ሆኖ ከእሳቱ ጋር የሚመጣጠንበት ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እምብዛም አያልፍም። በዚህ ረገድ ሁለቱ ከተሞች የተራራው ሁለት ገጽታዎች ናቸው። ቡታጅራ ከጉራጌ ተራሮች በስተምሥራቅ፣ ከግርጌው ላይ በመሆኗ ፀሐይ ከዘቢዳር ተራራ ጀርባ ቀድማ ትሰወራለች፤ መንደሩ በጥላ ተውጦ ሳለ የምዕራቡ ሰማይ ገና ብሩህ ስለሆነ የተራራው ጫፍ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። ወልቂጤ ግን ተራሮቹን በስተምሥራቅ ትታ ወደ ጊቤ ሸለቆ ፊቷን ያዞረች በመሆኗ የምዕራቡ አድማስ ክፍት ነው፤ ብርሃኑም ቆይቶ ይሄዳል። ስለዚህ በወልቂጤ በኩል፣ በቸሃም ሆነ በእዣ መንደሮች የሚሠራ ባለሙያ የመጨረሻውን የቀን ብርሃን ከደመራው ጋር ለማጣመር ከቡታጅራው ባልደረባው የተሻለ ዕድል ያገኛል፤ የኋለኛው ደግሞ ሙሉ ጨለማ ሲሆን፣ ደመናው ከፈቀደለት፣ በተራራው ጎን ላይ እዚህም እዚያም የሚበሩትን የሩቅ እሳቶች በአንድ ክፈፍ ሊያገኛቸው ይችላል። ለዚህኛው ምስል ብቻ የርችቱ ሥልት መልሶ ያገለግላል፤ መቆሚያ፣ ኤፍ 4፣ አይኤስኦ 400 እና ከ15 እስከ 20 ሰከንድ የሚደርስ የመዝጊያ ጊዜ ይበቃል።

ወደ መንደሩ ውስጥ ሲገባ ሥፍራውን የሚወስነው ጀፎረ ነው፤ ይኸውም በሁለት ረድፍ በተሠሩት የጉራጌ ቤቶች መካከል የሚዘረጋው ሰፊ፣ ሣር የለበሰ የጋራ መንገድ ነው። ጀፎረው ሰፊ በመሆኑ ፎቶግራፍ አንሺው ከሕዝቡ ርቆ ቤቶቹን፣ እሳቱንና ሰውን በአንድነት ማየት ይችላል፤ ከቤቱ ጀርባ ያለው እንሰትም በክረምቱ ዝናብ የታጠበ ሰፊ ቅጠሉ የእሳቱን ብርሃን ስለሚመልስ ጥቁር ሆኖ ሊቀር የነበረውን የምስሉን ጀርባ ጥልቀት ይሰጠዋል።

ከዚህ በኋላ ከሁሉ የሚከብደው የብርሃን ልኬት ይመጣል። ብርሃን ከምንጩ በራቀ ቁጥር በርቀቱ ካሬ መጠን ይቀንሳል፤ ከእሳቱ 2 ሜትር ላይ የቆመው ሰው 4 ሜትር ላይ ከቆመው በግምት 4 እጥፍ ብርሃን ያገኛል፤ እሳቱ ሲሰፋ ልዩነቱ ጥቂት ይለዝባል እንጂ አይጠፋም። በዚህ ላይ ነጭ ጋቢ ከጠይም ፊት በብዙ እጥፍ የበለጠ ብርሃን ስለሚመልስ፣ ነበልባሉም ከሁለቱም ስለሚልቅ፣ ካሜራው በራሱ ሲለካ ነበልባሉን አድኖ የሰዎቹን ፊት በጨለማ ይተዋል። በዚህ ምርጫ የሰው ፊት ሊቀድም ይገባዋል፤ የነበልባሉ መካከል ቢነጣ ተመልካች እሳት መሆኑን አይስትም፤ የአያቲቱ ፊት ቢጨልም ግን የበዓሉ ሰው ከምስሉ ይወጣል። አይኤስኦ 1600፣ ኤፍ 2 እና 1/125 ሰከንድ ለመነሻ የሚሆን ልኬት ነው፤ ምስሉም ካሜራው ሳያቀናብረው የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል ሆኖ ቢያዝ የጋቢውን ነጭነት በኋላ መመለስ ይቻላል።

ሰዓቱን የሚመርጠው ደግሞ የእሳቱ ቁመት ነው። ደመራው ገና ሲለኮስ ብርሃኑ ከታች ወደ ላይ ስለሚመጣ የአፍንጫና የቅንድብ ጥላ ወደ ግንባር ወጥቶ ፊትን ያስፈራዋል፤ ብዙ ፎቶግራፍ አንሺዎች ተጣድፈው የሚያነሱት በዚህ ጊዜ ነው። ነበልባሉ የሰው ቁመት ሲደርስ ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ ዓይን ይከፈታል፣ የጉንጭ ቅርጽ ይወጣል፤ ከሁሉ የተሻለው የቁም ምስል የሚገኘውም ያን ጊዜ ነው። እርጥብ እንጨት ሲገባ ጭሱ ይበዛል፤ ጭሱ ወደሚሄድበት ተቃራኒ አቅጣጫ መቆም ሌንሱንም ዓይንንም ያድናል። ምሰሶዎቹ ሲወድቁ የሚነሣው ፍንጣሪ በግማሽ ሰከንድ የመዝጊያ ጊዜ መስመር እየሠራ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ሰዎቹ ግን ስለሚንቀሳቀሱ ይደበዝዛሉ፤ ስለዚህ ይህ ምስል ከፊት ምስሎቹ ተለይቶ መታቀድ አለበት።

ስለ ቀለም ጥቂት ማለት ይበቃል። የእንጨት እሳት ብርሃን ወደ 2,000 ኬልቪን ገደማ፣ የቀትር ፀሐይ ደግሞ ወደ 5,500 ኬልቪን ነው፤ ኬልቪን የብርሃን ቀለም የሚለካበት አሃድ ሲሆን ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብርሃኑ ይቀላል። ካሜራው ይህን መቅላት እንደ ስሕተት ቆጥሮ እንዳያነጣው የነጭ ሚዛኑን በእጅ ወደ 3,000 አካባቢ መወሰን፣ ቆዳው የራሱን ጠይምነት ይዞ እሳቱም ሞቅ ብሎ እንዲቆይ ያደርጋል። ፍላሽ ይህን ሁሉ በአንድ ብልጭታ ስለሚሰርዘው ሊበራ አይገባም። ዛሬ ከአዲስ አበባ የሚመለሰው ወጣት የሚይዘው ስልክ በሌሊት ዘዴው ብዙ ክፈፎችን ደርቦ አንድ ምስል ስለሚሠራ የሚወዛወዘው ነበልባል ይደበላለቅበታል፤ ይህን ዘዴ አጥፍቶ፣ ፊት ላይ ነክቶ ብርሃኑን ጥቂት ዝቅ ማድረግ የተሻለ ምስል ይሰጣል።

ደመራው ከመለኮሱ በፊት ሽማግሌዎች ሲመርቁ ካሜራ ወደ መሐል መግባት የለበትም፤ መራቂው ከተቀመጡበት በኩል፣ በረጅም ሌንስና ድምፅ በሌለው መዝጊያ የሚነሣ ምስል ምርቃቱን አይቆርጥም፤ ፈቃዱም ቀደም ብሎ ከቤቱ አባወራና እመቤት ሊጠየቅ ይገባል። በቡታጅራ ዙሪያ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን የሚኖርበት መንደር ብዙ ስለሆነ፣ እንዲሁም ለሙስሊሙ ጉራጌ ታላቁ የመሰብሰቢያ በዓል አረፋ በመሆኑ፣ በእሳቱ ዙሪያ የቆመውን ሁሉ የበዓሉ ባለቤት አድርጎ በመግለጫ መጻፍ ስሕተት ላይ ይጥላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ፋይል ላይ የመንደሩና የወረዳው ስም፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀኑ፣ እሳቱ የደንጌሳት ይሁን የደመራ፣ በምስሉ ያሉትም ማንነታቸው እንዲጻፍ መፍቀዳቸው ወይም አለመፍቀዳቸው በዚያው ሳምንት፣ የቤቱ ሰዎች ወደ ከተማ ሳይበተኑ መመዝገብ አለበት፤ ከታተመው ምስል አንዱ ቅጂም ለዚያው ቤት ሊሰጥ ይገባል።