የሕፃናት ማቆያ ዋጋና የመንግሥት ሒሳብ

ሠርቶ የሚያድር ወላጅ ሁሉ ማለዳ ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሕፃኑን በማን እጅ ትቶ ይሄዳል የሚል ነው። አያት ወይም አክስት በቅርብ ባለችበት ቤት ነገሩ ቀላል ነው። ዘመድ በራቀበት ከተማ ግን መልሱ ገንዘብ ይጠይቃል። የማቆያው ዋጋ የእናቲቱን ደመወዝ የሚተካከል በሆነ ጊዜ ሥራዋን ትታ ቤት መዋልን ትመርጣለች። በዚህም የሚጐዳው ቤተ ሰቡ ብቻ አይደለም፤ ነጋዴው ሥራ የለመደች ሠራተኛውን፣ መንግሥትም ግብር ከፋዩን ያጣል።

ይህን ጉዳይ ከቸርነት ተራ አውጥተው በአስተዳደር ሒሳብ ውስጥ ካገቡት መካከል፣ በካናዳ ፌዴሬሽን ውስጥ ያለው የኩቤክ ጠቅላይ ግዛት በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1997 ጠቅላይ ግዛቱ አዲስ የቤተ ሰብ ደንብ አውጥቶ፣ ወላጅ ሀብታምም ይሁን ድኃ ለአንድ ሕፃን በቀን 5 ዶላር ብቻ እንዲከፍል፣ ቀሪውንም ግምጃ ቤቱ እንዲሸፍን ወሰነ። ሥራው በአራት ዓመት ልጆች ተጀምሮ፣ እስከ 2000 ድረስ ትምህርት ቤት ያልገቡትን ሕፃናት ሁሉ እንዲያካትት ተደረገ። ለዚሁ ተብለው የተቋቋሙትም ማቆያዎች ትርፍ የማይሹ ሲሆኑ፣ በአስተዳደር ጉባኤያቸው አብላጫውን መቀመጫ የያዙት ወላጆች ናቸው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ሁለት ከተሞችን ማነጻጸር ይበቃል። በ2020 በቶሮንቶ ከተማ ለአንድ ጨቅላ ሕፃን በወር 1,866 ዶላር ያህል ሲከፈል፣ በሞንትሪያል በመንግሥት በሚደገፈው ማቆያ የሚከፈለው 181 ዶላር ያህል ነበር።

ውጤቱም በሒሳብ ተመርምሯል። ፒየር ፎርታን የተባሉት የኩቤክ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በ2012 ባወጡት ጥናት፣ በዚህ ሥርዓት ምክንያት በ2008 ወደ 70,000 የሚጠጉ ተጨማሪ እናቶች በሥራ ላይ እንደ ተገኙ ገመቱ። እናቶቹ ግብር ስለ ከፈሉ፣ በገበያም ስለ ገዙ፣ ጠቅላይ ግዛቱ ለማቆያ ከሰጠው ከእያንዳንዱ ዶላር ወደ ራሱ ግምጃ ቤት 1 ዶላር ከ4 ሳንቲም ሲመለስለት፣ ማዕከላዊው መንግሥት ደግሞ 43 ሳንቲም እንዳገኘ አሰሉ። ይህ ስሌት ግምት ነው እንጂ በእጅ የተቈጠረ ገንዘብ አይደለም፤ ቢሆንም ማቆያን ገንዘብ የሚፈስበት ጕድጓድ አድርጎ ለሚመለከት ሰው በቂ መልስ ነው።

ነገር ግን ዋጋ በአዋጅ ይወርዳል፤ ቤትና ሞግዚት ግን በአዋጅ አይበዙም። ዋጋው ዝቅ ባለ ጊዜ ፈላጊው በዛ፤ ስማቸው በመዝገብ ሰፍሮ ተራ የሚጠብቁት ሕፃናትም ለብዙ ዓመታት በአሥር ሺሕዎች የሚቈጠሩ ሆኑ። ቦታው ሲፈጥን ጥራቱ ወደ ኋላ የቀረበት ስፍራ እንደ ነበረ ምርመራዎች አሳይተዋል። ቤከር፣ ግሩበርና ሚሊጋን የተባሉ ሊቃውንትም በ2008 ባወጡት ጥናት፣ ከሥርዓቱ በኋላ በሕፃናቱ ዘንድ የጭንቀትና የጠብ ጠባይ እንደ ጨመረ አመለከቱ። በ2015 ክፍያው በገቢ መጠን እንዲለያይ ተደርጎ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ አንድ ወጥ ዋጋ ተመለሰ፤ በ2025ም በቀን 9 ዶላር ከ35 ሳንቲም ነበር። የካናዳ ማዕከላዊ መንግሥትም የኩቤክን ፈለግ ተከትሎ፣ በ2021 በቀን 10 ዶላር ለሚያስከፍል ማቆያ በአምስት ዓመት የሚወጣ 30 ቢሊዮን ዶላር ያህል መደበ።

እንግዲህ ከዚህ ምሳሌ የሚገኘው ትምህርት፣ ዋጋ መወሰን የሥራው እኩሌታ ብቻ መሆኑ ነው። በአዋጅ 5 ዶላር የተባለው ቦታ ካልተገኘ፣ ወላጅ የሚከፍለው ዋጋ ተራ ሲጠብቅ ያልሠራባቸው ወራት ደመወዝ ነው። ስለዚህ ክፍያ የሚቀንስ አስተዳደር በዚያው በጀት ውስጥ ቤቱን፣ የሠለጠነችውን ሞግዚትና ተቈጣጣሪውን አብሮ ሊመድብ ይገባል። ነጋዴም ለማቆያ የሚሰበሰበውን ግብር ከኪሳራ አይቍጠረው፤ ልጇ በደኅና እጅ መሆኑን የምታውቅ እናት በሰዓቷ ትገባለችና።